አጥር የሌለው ገነት

“መናፈሻ” የሚለው ቃል “ነፈሰ” ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ሰው ከሥራው ለጊዜው ተላቆ አየር የሚቀበልበት ቦታ ማለት ነው። “ገነት” ግን ከዚህ ይሰፋል። በኦሪቱ ታሪክ አዳም በገነት የተቀመጠው ሊናፈስባት ሳይሆን ሊሠራባትና ሊጠብቃት ነበር። ለመሆኑ በዚህ ሚዛን ከተመዘነ፣ በአገራችን ገነት መባል የሚገባው ቦታ የቱ ይሆን?

ታሪካዊ የአትክልት ቦታ ሲባል ለአብዛኛው የከተማ ሰው ትዝ የሚለው የነገሥታት ግቢ ነው። በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ የሚገኘው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ስሙ ራሱ እንደሚናገረው፣ የልዑል ገነት እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ተማሪ ገባበት። የምኒልክ ግቢም ከዘመናት መዘጋት በኋላ ከፊሉ በ2012 ዓ.ም. አንድነት ፓርክ ተብሎ ለሕዝብ ተከፍቷል። ጎንደር የወረደ ሰው ደግሞ የፋሲል መዋኛን የድንጋይ አጥር አቅፈው የያዙትን የዛፍ ሥሮች ሳያይ አይመለስም። ሁሉም የሚያኮሩን ናቸው። አንድ የጋራ ጠባይ ግን አላቸው፦ አጥርና በር አላቸው፤ ያሠራቸው ንጉሥ ስሙ ይታወቃል፤ የቆፈረውና የተከለው ሰው ግን አይታወቅም።

እኔ ዘንድሮ የጎበኘሁት ገነት ከነዚህ ሁሉ በዚህ ይለያል። የሚገኘው ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ፣ በሞያሌ መንገድ ላይ፣ ከሐዋሳ ወዲያ ባለችው በዲላ ከተማና በዙሪያዋ በጌዴኦ ዞን ነው። ዲላ ላይ ቆሞ “መግቢያው በየት ነው?” ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ መልስ አያገኝም፤ መግቢያ የለውምና። ወደ ወናጎና ወደ ይርጋ ጨፌ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ገብቷል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ተዳፋት ከሩቅ ሲያዩት ጥቅጥቅ ያለ ደን ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ግን ከዛፉ ሥር ጭስ ይታያል፤ የሕፃን ድምፅ ይሰማል፤ ደን የመሰለው ሁሉ የሰው ጓሮ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከላይ እንደ ዋንዛ፣ ብርብራና ብሳና ያሉት አገር በቀል ዛፎች ይቆማሉ። ከነሱ ሥር እንሰት ቅጠሉን ይዘረጋል። ከእንሰቱ ጥላ በታች ቡና፣ ከቡናው በታች ደግሞ ጎመንና ሌላው ተክል አለ። ዛፉ ፀሐይና ውርጭ ይከላከላል፤ የረገፈው ቅጠል መሬቱን ያዳብራል፤ ሥሩም በዚያ ቁልቁለት ላይ አፈሩ በጎርፍ እንዳይሄድ ይይዛል። እንሰት በግንዱና በቅጠሉ ውኃ ስለሚቋጥር በደረቅ ወራት ለጎረቤቶቹ ይተርፋል። ለቆጮና ለቡላ የሚደርሰው ከተተከለ ከብዙ ዓመት በኋላ በመሆኑም፣ አንድ ቤተሰብ ዕድሜው የተለያየ እንሰት በጓሮው ካልደረደረ አይበላም። ስለዚህ ጓሮው ጎተራም ነው።

ወናጎ አካባቢ ካንድ ሽማግሌ ጋር በጓሯቸው ውስጥ ስንዘዋወር፣ ከሁሉ የገዘፈውን ዋንዛ እያየሁ፣

“አባቴ፣ ይህን ማን ተከለው?” አልኳቸው።

“አያቴ ነው ይላሉ” አሉኝ። “ያንን ብርብራ ግን እኔ ነኝ። ቡናው የልጄ ነው። እንሰቱን ከሆነ፣ ልጄ፣ ባለቤቴን ጠይቃት፤ የሱ አዛዥ እሷ ናት።”

በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ ይህን ጥያቄ ብጠይቅ እንዲህ ያለ መልስ አላገኝም። እዚህ እያንዳንዱ ዛፍ የተካዩ ሰው ታሪክ ነው።

ታዲያ ገነቱ ስንት ዘመኑ ነው? የጌዴኦን የመሬት አያያዝ ያጠኑት ዶክተር ታደሰ ኪጴ በ1994 ዓ.ም. አካባቢ ለንባብ ባበቁት የእንግሊዝኛ ጥናታቸው ርዕስ ላይ “የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት” ብለው ከጎኑ የጥያቄ ምልክት አኑረዋል። ምልክቱ ተገቢ ነው፤ ገበሬ በድንጋይ ላይ ቀን ጽፎ አያስቀምጥምና። ድንጋዮቹ ግን አሉ። ቱቱ ፈላና ጨልባ ቱቱቲ በተባሉት ሥፍራዎች የሰው መልክ የተቀረጸባቸውና የወንድ አባለ ዘር ቅርጽ ያላቸው ትክል ድንጋዮች በብዛት ቆመውና ወድቀው ይታያሉ። ሳካሮ ሶዶ የሚባለውን ሥፍራ የቆፈሩ ተመራማሪዎች በ2014 ዓ.ም. እንዳስታወቁት፣ የዚያ ሥፍራ ድንጋዮች የተተከሉት በአንደኛው ምዕተ ዓመት ነው፤ ቀድሞ ይገመት ከነበረው በሺህ ዓመት ገደማ የቀደመ መሆኑ ነው። እነዚያን ድንጋዮች ያቆመ ሕዝብ ምን ይበላ እንደነበር ድንጋዩ አይነግረንም። ዛሬ ግን ሐውልቶቹ በእንሰትና በቡና መካከል ናቸው፤ የሚጠብቋቸውም የየአካባቢው ሽማግሎች ናቸው።

የሰሜን ሰው የቤተ ክርስቲያንን ደን ያውቃል፤ አገሩ ሁሉ ተራቁቶ ቅጽሩ ውስጥ ያለው ጽድና ወይራ የሚተርፈው ስለሚፈራ ነው። ጌዴኦም የዚህ ዓይነት የተከበሩ ደኖች አሉት፤ ባህላዊው ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ስለሆኑ መጥረቢያ አይነካቸውም። ሕጉን የሚያስከብረው ጌዴኦዎች “ባሌ” የሚሉት፣ ከገዳ ጋር የሚመሳሰልና ሥልጣን በየ8 ዓመቱ የሚያዛውር ሥርዓት ነው። አባ ገዳው አለ፤ ሽማግሎች የሚመክሩበት “ሶንጎ” አለ። እንግዲህ አጥር የሌለው ገነት ጠባቂ የለውም ማለት አይደለም።

ነገር ግን ይህ ገነት ሁልጊዜ የተካዩ አልነበረም። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ የምኒልክ ጦር አገሩን ከያዘ በኋላ ገበሬው ገባር ሆኖ ለነፍጠኛው ተደለደለ። በኋላም መሬቱ በቀላድ እየተለካ ለባለ ርስት ሲሰጥ፣ አባቱ በተከለው ዛፍ ሥር የሚኖረው ሰው ጭሰኛ ተባለ። ቡና ዋጋ ባወጣ ቁጥር የባለ መሬቱ ዓይን ወደ ጓሮው ዞረ፤ “እርቦ” እየተባለ የምርቱ ሩብ ይወሰድ ነበር። በ1952 ዓ.ም. ምሬቱ ገንፍሎ ሚችሌ በተባለው ቦታ ገበሬው ተነሣ። ጦርና ዱላ ጠመንጃን አልቻለውም፤ ብዙ ሰው አለቀ። መሬቱ ከባለ ርስቱ እጅ የወጣው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት ቁስል ለመቀስቀስ አይደለም። ዋንዛ ለጣውላ የሚደርሰው በተካዩ ዘመን ላይሆን ይችላል። ነገ ይህ መሬት የኔ ይሆን አይሆን የማያውቅ ሰው ለልጅ ልጁ የሚሆን ዛፍ ለምን ይተክላል? ጌዴኦ ግን በዚያ ሁሉ የገባርነት ዘመን መትከሉን አልተወም። ለኔ ከድንጋዮቹ ይልቅ ያስገረመኝ ይህ ነው።

ዓለም ጓሮውን አስቀድሞ ያወቀው በሲኒ ነው። ይርጋ ጨፌ የሚለው ስም በየአገሩ የቡና ከረጢት ላይ ታትሟል፤ ኢትዮጵያ በስሞቹ ላይ ያላትን መብት ለማስከበር ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ተሟግታ በ1999 ዓ.ም. ስምምነት ላይ መድረሷም ይታወሳል። መሬቱ ራሱ የተመዘገበው ከዚያ በኋላ፣ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ነው። ዩኔስኮ ሪያድ ላይ ባደረገው ጉባኤ “የጌዴኦ መልክአ ምድር” በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ።

ደስታው ተገቢ ነው። ሥጋቱም እዚሁ ይጀምራል። ጌዴኦ በአገራችን ሕዝብ እጅግ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። አባት ለልጆቹ ሲያካፍል ጓሮው እያነሰ ሄዷል፤ መሬት ያጣው ወጣት ወደ ከተማና ወደ ጎረቤት አገር ይወጣል። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በጉጂ አዋሳኝ በተነሣው ግጭት የተፈናቀሉት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ብዙዎቹ የተጠለሉት በዚሁ በጠበበው መሬት ላይ ነበር። ፈጥኖ ገንዘብ የሚያስገኘው ባሕር ዛፍና ጫትም እንሰቱን እየገፋ ነው። እንሰት የሚተካለትን ገበሬ “ቅርስ ነውና አትንካ” ማለት ቀላል ነው፤ ልጁ ትምህርት ቤት የሚገባበትን ገንዘብ ግን ትእዛዝ አያመጣለትም።

ስለዚህ ስለ ጌዴኦ ሲመከር ስለ ጎብኚ ማረፊያና ስለ ምልክት ሰሌዳ ብቻ መነጋገር በቂ አይመስለኝም። የነገሥታቱን ግቢ በደመወዝ የተቀጠረ አትክልተኛ ሊጠብቀው ይችላል። ይህንን ግን ከሚበላበት ሰው በቀር የሚያቆየው የለም። የቡናው ዋጋ ከተካዩ እጅ ከደረሰ፣ አገር በቀል ዛፍ ያቆመ ገበሬ ለድካሙ ካሳ ካገኘ፣ እንሰት የምትፍቀው ሴት ጉልበቷን የሚያቀልላት መሣሪያ ከቀረበላት፣ ዋንዛው የሚቆምበት ምክንያት አለው። ቱሪስቱም ያን ጊዜ የሚያየው ነገር ያገኛል።

ሄዶ ማየት ለሚሻ አንባቢ አንድ ቃል ልጨምር። ወደ ትክል ድንጋዮቹና ወደ ተከበሩት ደኖች በሽማግሎች ፈቃድ ይገባል። ወደ ጓሮ ሲዘለቅ ደግሞ ከደጅ ቆሞ ሰላምታ መስጠት ይገባል፤ የሰው ቤት ነውና።