የፍሊፐር ሣጥን፦ ቁማር ነው ወይስ ጨዋታ?

ልጆች በዕብራይስጥ «ፍሊፐር» የሚሉትን ሣጥን ሳታዩት አልቀራችሁም። በመስተዋት ሥር የብረት ኳስ ይሯሯጣል፣ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ ደወል ያቃጭላል። «ይህ ነገር ቁማር አይደለም ወይ?» ብለው የሚጠይቁን ወላጆች አሉ። ጥያቄው የእናንተ ብቻ አይደለም፤ የኒውዮርክ ከተማ ሰዎችም 34 ዓመት ሙሉ ተከራክረውበታል። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እንነግራችኋለን።

የዚህ ሣጥን አያት ባጋቴል የሚባል የአውሮፓ የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ተጫዋቹ በዘንግ ኳስ እየገፋ፣ በተተከሉ ሚስማሮች መካከል አሳልፎ ቀዳዳ ውስጥ ይጥላል። በ1871 በአሜሪካ ሲንሲናቲ ከተማ ይኖር የነበረው ሞንታግ ሬድግሬቭ በዘንጉ ምትክ ስበው ሲለቁት ኳሱን የሚያስፈነጥር ሞላ አበጀ። በ1931 ደግሞ የቺካጎው ዴቪድ ጎትሊብ «ባፍል ቦል» የተባለውን ሣጥን አወጣ። ጊዜው ሥራ የጠፋበት፣ ገንዘብ የቸገረበት ነበርና በአንድ ሳንቲም መጫወት መቻሉ ሰዉን ሳበው።

ነገር ግን እነዚያ ሣጥኖች አንድ ጉድለት ነበረባቸው። ኳሱ አንዴ ከተለቀቀ ተጫዋቹ ሣጥኑን ከመግፋት በቀር የሚያደርገው አልነበረም። የቀረው የዕድል ነገር ነው። አንዳንዱም ሣጥን ለአሸናፊው ገንዘብ ይከፍል ነበር። ስለዚህ የኒውዮርኩ ከንቲባ ፊዮሬሎ ላ ጓርዲያ የልጆችን የምሳ ሳንቲም የሚዘርፍ ቁማር ነው ብለው በ1942 አስከለከሉት። በቴል አቪቭ በአያሎን አውራ ጎዳና ላይ «ላ ጓርዲያ» የሚባለው መውጫ በእኚሁ ሰው ስም የተጠራ ነው። ፖሊስ ሣጥኖቹን ሰበሰበ፤ ከንቲባውም ፎቶ አንሺዎች ፊት በመዶሻ ሰባበሯቸው። በዚያን ጊዜ ለነበረው ሣጥን ፍርዳቸው ብዙም የተሳሳተ አይመስለንም።

በ1947 ግን የጎትሊብ ድርጅት ሠራተኛ ሃሪ ማብስ «ሃምፕቲ ደምፕቲ» በተባለው ሣጥን ላይ ስድስት አጫጭር ክንፎች ገጠመ። ቁልፍ ሲጫኑ ክንፉ ተነሥቶ የሚወድቀውን ኳስ ወደ ላይ ይመታል። «ፍሊፐር» የሚለው ስም የመጣው ከእነዚህ ክንፎች ነው። በዓመቱ ስቲቭ ኮርዴክ ሁለቱን ብቻ አስቀርቶ ከታች አደረጋቸው፤ ዛሬም የሚታየው ይኸው ነው። ዓይንና እጅ የሠለጠነ ሰው ከዚያ ወዲህ ማሸነፍ ቻለ።

ሕጉ ግን ባለበት ቆየ። በ1976 ሮጀር ሻርፕ የተባለ ወጣት ጸሐፊ በከተማው ምክር ቤት ሹማምንት ፊት ቆሞ፣ «ኳሱ በመካከለኛው መንገድ ይወርዳል» ብሎ ሞላውን ሳበ። እንዳለውም ወረደ፤ እገዳውም ተነሣ። ኋላ ራሱ ሻርፕ ያቺ አንዷ ምት ዕድል ነበረች ማለቱ ያስቃል።

ዛሬ ብዙ ሰዎች ሣጥኑን እቤታቸው ይሠሩታል። የፋብሪካው መጫወቻ ሰሌዳ 51 በ107 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ የብረት ኳሱ 80 ግራም ይመዝናል። እናንተ ኮምፔንሳቶ (እዚህ «ዲክት» የሚሉትን)፣ ሚስማር፣ ላስቲክና አንድ ብይ ይበቃችኋል። የሰሌዳው ራስጌ ከግርጌው 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል፤ ከዚያ ካነሰ ብዩ ይለግማል፣ ከበለጠ ልጁ ሳይደርስበት ያመልጣል። ክንፎቹን ከእንጨት ቆርጣችሁ በሚስማር ላይ እንዲዞሩ አድርጉ፤ ላስቲኩ ወደ ቦታቸው ይመልሳቸዋል። መብራትና ደወል እንጨምር ካላችሁ የኤሌክትሪኩን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።