የአጫጭር ትእዛዞች ታሪክ

የኮምፒዩተር ሥርዓት አስተዳዳሪዎች በተርሚናል ከሚጽፏቸው ትእዛዞች ብዙዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ያላቸው ናቸው። ፋይል ለመዘርዘር «ኤል ኤስ»፣ ለመገልበጥ «ሲ ፒ»፣ ለማዛወር «ኤም ቪ»፣ ለመሰረዝ «አር ኤም» ይጻፋል። አጠቃቀማቸውን የሚያስተምሩ መጻሕፍት ሞልተዋል፤ ስለ ምን እንዲህ አጠሩ፣ ስለ ምንስ ዝም ብለው ይፈጽማሉ ብሎ መጠየቅ ግን የታሪክ ተማሪ ፋንታ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ይህንኑ ነው። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1969 የአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪ መልቲክስ ከተባለው ታላቅ ሥራ ወጣ። በዚያው ዓመት ኬን ቶምሰን ከዴኒስ ሪቺና ከሌሎች ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ፒዲፒ-7 በምትባል አነስተኛ ኮምፒዩተር ላይ ዩኒክስን ጀመረ። ትእዛዝ የሚጽፉበት ቴሌታይፕ ሞዴል 33 በወረቀት ላይ የሚያትም፣ በሴኮንድም ከ10 ፊደል የማያልፍ መኪና ነበር። እንግዲህ ቃልን ማሳጠር ጊዜንና ድካምን መቈጠብ ነበረ።

የዝምታው ምክንያት ግን ከዚህ ይጠልቃል። ዳግላስ ማክኢልሮይ ፕሮግራሞች እንደ ውሃ ቧንቧ ሊቀጣጠሉ ይገባል የሚለውን አሳብ በ1964 ጽፎ ነበር፤ ቶምሰንም በ1973 በዩኒክስ ውስጥ በሥራ አዋለው። የአንዱ ትእዛዝ ውጤት ለሌላው ግብዓት ከሆነ፣ ትርፍ ንግግር ሁሉ ከዳታው ጋር ይቀላቀላል። ስለዚህ ሥራው የተሳካለት ትእዛዝ ዝም ማለቱ ደንብ ሆነ።

ኅዳር 3 ቀን 1971 በወጣው የመጀመሪያው መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ ሥልጣንን የሚመለከቱ ትእዛዞችም ነበሩ። «ሲ ኤች ሞድ» የፋይልን ፈቃድ ይለውጣል፤ «ኤስ ዩ» ሙሉ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ ያደርጋል። ከ1983 ጀምሮ የግኑ ሥራ፣ ከ1991 ጀምሮም ሊኑክስ ይህን ቋንቋ ወረሱ። መኪናው እጅግ ፈጠነ፤ ቃሉ ግን እንደ አጠረ ቀረ።

ይህ ውርስ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ጥር 31 ቀን 2017 በጊትላብ ታየ። ሁለተኛውን የዳታቤዝ ሰርቨር ማጽዳት የፈለገ መሐንዲስ ሳያውቅ በዋናው ላይ ሰረዘ። ሲያቋርጠው ከ300 ጊጋባይት ያህል የቀረው 4.5 ብቻ ነበር። በመጠባበቂያነት የታሰቡት ቅጂዎች ሳይሠሩ ተገኙ፤ ድርጅቱን ያዳነው ከስድስት ሰዓት ያህል በፊት በአጋጣሚ የተወሰደ ቅጂ ነው። ድርጅቱም ነገሩን ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጠ።

የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይባላል። የመሰረዝ ፈቃድ ላለው አስተዳዳሪ «አር ኤም» እንደ ልማዱ «እርግጠኛ ነህን?» ብሎ አይጠይቅም፤ መጠየቅ ያለበት ሰውየው ራሱ ነው። በ«ሆስትኔም» በየትኛው መኪና፣ በ«ፒ ደብልዩ ዲ» በየትኛው ማኅደር እንዳለ ይወቅ፤ በ«ኤል ኤስ» የሚሰረዘውን አስቀድሞ ይይ፤ መጠባበቂያውም በእርግጥ የሚመለስ መሆኑን በየጊዜው ይፈትን። ከእነዚህ ትእዛዞች ታሪክ የምናገኘው ትምህርት፣ ሥልጣን በጥቂት ፊደል ሲሰጥ ጥንቃቄው በዚያው ልክ ሊበዛ ይገባዋል የሚል ነው ብለን እናምናለን።