ቡናና እንቅልፍ፦ የነቁ ሌሊቶች ታሪክ

የሰው ልጅ ከሚጠጣቸው ነገሮች መካከል እንደ ቡና ከእንቅልፍ ጋር የታገለ የለም። ጠላውና ጠጁ ጠጪውን ሲያስተኙ፣ ቡና ግን ገና ከጥንት ጀምሮ የተፈለገው ሰውን አንቅቶ ለማሳደር ነው። ስለዚህም የቡና ታሪክ የእርሻና የንግድ ታሪክ ብቻ ሳይሆን የሌሊትም ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። በዚህ ረጅም ታሪክ ውስጥ ገዥዎች፣ የሃይማኖት ሊቃውንት፣ ሐኪሞች፣ ነጋዴዎችና ደራሲዎች ስለ ቡና ብዙ ተከራክረዋል። ይሁን እንጂ በክርክሩ አደባባይ ድምፁ የጎላው ነቅቶ ማምሸት የሚፈልገው ወገን ነበር። መተኛት የሚፈልገው ሰው፣ በተለይም በዕድሜ የገፋው፣ ጥያቄው የተሰማው እጅግ ዘግይቶ ነው። ጥያቄው እንዴት እንደ ዘገየ መመርመር ዛሬ በየቤቱ ሌሊቱን በመገላበጥ የሚያሳልፉትን አረጋውያን ችግር ለመረዳት ይረዳል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመንገደኛው ስንቅና የሱፊው ሌሊት

አረቢካ የተባለው የቡና ዓይነት ጥንተ መገኛው የኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን መሆኑ የታወቀ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ የኦሮሞ ዘማቾች ቡና ቆልተውና ደቁሰው፣ በቅቤ ለውሰው፣ እያድቦለቦሉ ለመንገድ ስንቅ ይይዙ እንደነበር ጽፏል። እዚህ ላይ ቡና የሲኒ መጠጥ ሳይሆን ድካምን የሚያስረሳ የመንገድ ምግብ ነበር።

ቡና መጠጥ ሆኖ በአስተማማኝ ማስረጃ የሚታወቀው በ15ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ በየመን ሱፊዎች ዘንድ ነው። በ16ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ቡና ሰፊ ድርሳን ያዘጋጀው አብዱልቃድር አልጀዚሪ እንደሚተርከው፣ አልዘብሃኒ የተባለ የዓደን ሊቅ ወደ አፍሪካ ጠረፍ ተሻግሮ ሳለ የአገሩ ሰዎች በቡና ሲጠቀሙ ተመለከተ። ወደ ዓደን ተመልሶ በታመመ ጊዜ ያየው ትዝ ቢለው ጠጣው፤ ድካምንና ድብታን እንደሚያባርርም ተረዳ። ከዚያ በኋላ ሱፊዎች ሌሊቱን በዚክር ለማሳለፍ ቡናን ረዳታቸው አደረጉት። እንግዲህ በዓለም ታሪክ የቡና የመጀመሪያ ሥራ አንድና ግልጽ ነበር፤ እርሱም እንቅልፍን ማባረር ነው።

በ1511 የመካ ሹም ካይር ቤግ ሰዎች በሌሊት በመስጊድ አጠገብ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ አገኘ። ወዲያውኑ የሕግ ሊቃውንትንና ሐኪሞችን ሰብስቦ ካማከረ በኋላ ቡና እንዳይጠጣ ከለከለ። በካይሮ የነበረው ሱልጣን ግን ትእዛዙን ስላላላው እገዳው አልጸናም። በዚህ ሙግት ውስጥ ሊጤን የሚገባው ዋና ነገር ሹሙን ያሳሰበው የጠጪዎቹ እንቅልፍ ማጣት ሳይሆን በሌሊት መሰብሰባቸው መሆኑ ነው።

የለንደኑ በራሪ ወረቀት

ቡና አውሮፓ ሲገባ የማንቃት ኃይሉ የገበያ ማስታወቂያ ሆነ። በ1652 በለንደን የመጀመሪያውን ቡና ቤት የከፈተው ፓስኳ ሮዜ የቡናን ጥቅም የሚዘረዝር በራሪ ወረቀት አሳትሞ ነበር። ወረቀቱ ቡና ድብታን አስወግዶ ሰውን ለሥራ እንደሚያነቃቃ ከገለጸ በኋላ አንድ ማስጠንቀቂያ አከለ፤ ነቅቶ ማምሸት ያልፈለገ ሰው ከእራት በኋላ እንዳይጠጣው፣ ምክንያቱም ለ3 ወይም ለ4 ሰዓት ያህል እንቅልፍ እንደሚከለክል አስታወቀ። ከመድኃኒት ቤት ሳይሆን ከሻጩ እጅ የወጣው ይህ ምክር ለዘመኑ አስደናቂ ትክክለኛነት ነበረው። የሚያሳዝነው ግን ማስታወቂያው ሲሰፋ ማስጠንቀቂያው መረሳቱ ነው።

ሥነ ጥበብም ከነቁት ወገን ተሰለፈ። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ በ1734 ገደማ በላይፕሲክ ከተማ የደረሰው የቡና ካንታታ፣ ልጁን ከቡና ሱስ ለማላቀቅ በሚታገል አባትና እምቢ በምትል ወጣት መካከል የሚደረግ አስቂኝ ሙግት ነው። በሙግቱ የምትረታው ልጅቱ ናት። ፈረንሳዊው ደራሲ ባልዛክ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ተነሥቶ በቡና ኃይል እየጻፈ በርካታ ልብ ወለዶችን ለዓለም አበረከተ። በ1839 ስለ አነቃቂ ነገሮች ባሳተመው ጽሑፉ የቡናን ኃይል ከጉዳቱ ጋር ገልጾታል። በ1850 በ51 ዓመቱ ሲሞት እርጅናን አላያትም።

ባለቅኔውና ኬሚስቱ

ቡና የሚያነቃው በምን ኃይል እንደሆነ ለማወቅ የተከፈተው በር ከሥነ ጽሑፍ ጋር የተያያዘ ነው። በ1819 የ70 ዓመቱ ባለቅኔ ጎተ ፈርዲናንድ ሩንገ የተባለ የ25 ዓመት ወጣት ኬሚስት አስጠርቶ ካነጋገረ በኋላ ጥቂት የቡና ፍሬ ሰጠውና እንዲመረምረው አሳሰበው። ወጣቱም ብዙ ሳይቆይ ዛሬ ካፌይን የሚባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ።

ከዚህ በኋላ ካፌይን ከቡናው ተነጥሎ ለብቻው መጓዝ ጀመረ። በ1911 የአሜሪካ መንግሥት ለኮካ ኮላ በተጨመረው ካፌይን ምክንያት ኩባንያውን በፍርድ ቤት ሲከስ፣ ሃሪ ሆሊንግወርዝ የተባለ የሥነ ልቡና ምሁር ለክርክሩ የሚሆን ጥናት እንዲያካሂድ ተጠየቀ። እርሱም 16 ሰዎችን ለ40 ቀናት መርምሮ፣ አነስተኛ መጠን ያለው ካፌይን የብዙዎቹን እንቅልፍ እንደማያውክ፣ መጠኑ ሲበዛ ግን እንደሚያውክ አገኘ። ጥናቱ ለጊዜው አርአያ የሚሆን ጥንቃቄ ነበረው። ነገር ግን ከተመረመሩት መካከል አንድም አረጋዊ አልነበረም።

የካፌይን አሠራር የተብራራው በ20ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ሰው ነቅቶ በቆየ መጠን አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር በአንጎሉ ውስጥ እየተጠራቀመ የድካምን መልእክት ያስተላልፋል። ካፌይን ይህ መልእክት የሚደርስበትን በር ቀድሞ ይዘጋል። እንግዲህ ቡና ድካምን አያጠፋም፤ እንዳይሰማ ያደርጋል እንጂ። በአማካይ በሰውነት ውስጥ ካለው ካፌይን ግማሹ ለመውጣት 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ከሰው ሰው ግን ብዙ ይለያያል። በዚህ ስሌት ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ግማሹ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ደግሞ ሩቡ ገና በደም ውስጥ ይገኛል። በ2013 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ከመኝታ 6 ሰዓት አስቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊግራም ካፌይን እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንደሚቀንስ አሳይቷል። የለንደኑ ሻጭ ያስቀመጠው ወሰን እንኳ አጭር ነበር ማለት ነው።

የዕድሜ ሚዛን

ዕድሜ ሲገፋ የእንቅልፍ ባሕርይ ይለወጣል። በወጣትነት የሌሊቱን ሰፊ ክፍል ይዞ የነበረው ከባድ እንቅልፍ እየሳሳ ይሄዳል፤ በመካከል መንቃት ይበዛል፤ ምሽት ላይ ቶሎ መድከም፣ ጎህ ሳይቀድ መነሣት ይመጣል። በ2006 በካናዳ በሞንትሪያል የተደረገ ጥናት፣ ምሽት ላይ የተሰጠ 200 ሚሊግራም ካፌይን የወጣቶችንም ሆነ የመካከለኛ ዕድሜ ሰዎችን እንቅልፍ እንደሚያሳጥርና እንደሚያቀል አረጋግጧል። ጉዳቱ በሁለቱም ላይ ይደርሳል፤ ነገር ግን ከሙሉ ጎተራ አንድ ቁና የተወሰደበትና ከጎደለ ጎተራ አንድ ቁና የተወሰደበት ገበሬ እኩል አይራቡም። አረጋዊው የሚከፍለው ከተረፈው ላይ ነው።

ስኳርም የዚህ ታሪክ ተካፋይ ነው። በኢትዮጵያ ገጠሮች ቡና በጨው ወይም በቅቤ ሲጠጣ ኖሯል። በ1954 የወንጂ ፋብሪካ ስኳር ማምረት ከጀመረ ወዲህ ግን ስኳር በከተማ ቤቶች ረከቦት ላይ ቦታውን እያሰፋ መጣ፤ ከቆሎና ከፈንዲሻ ጎንም ብስኩትና ኬክ ተሰለፉ። በ2016 በኒው ዮርክ በ26 ጎልማሶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ ስኳር የበዛበት ምግብ በሌሊት በተደጋጋሚ ከመባነን ጋር እንደሚያያዝ አመልክቷል። በዕድሜ የሚበረታው የስኳር በሽታ ሲጨመርበት ደግሞ ሽንት በሌሊት ደጋግሞ ያስነሣል። ቸኮላትም ስኳርን ብቻ ሳይሆን ጥቂት ካፌይንንም እንደሚይዝ መዘንጋት አይገባም።

ጀበናውና አረጋውያን

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው መደምደሚያ አረጋውያን ከቡና ይራቁ የሚል አይደለም። በኢትዮጵያ የቡና ሥነ ሥርዓት የጎረቤት ሸንጎ ነው። እርቅ የሚወርድበት፣ ሐዘን የሚቀልበት፣ ምርቃት የሚሰጥበት ነው። ቡና ጠጡ ተብለው የማይጠሩ እናት ከሲኒው ብቻ ሳይሆን ከሰው ይለያሉ። ብቸኝነትም በበኩሉ እንቅልፍ ይነሳል። በሌላ በኩል ሌሊቱን ዓይናቸው ሳይከደን የሚያነጉት አረጋዊ ችግራቸው በእርጅና ወይም በሐሳብ ብቻ ሲሳበብ፣ ከምሽት በፊት የወረደው ጀበና ሳይጠየቅ ይታለፋል።

ሥነ ሥርዓቱ ራሱ መውጫ አለው። አቦል፣ ቶናና በረካ የሚቀዱት በዚያው በአንዱ ዱቄት ላይ ውኃ እየተጨመረ ስለሆነ ኃይላቸው በየተራ እየቀነሰ ይሄዳል። አቦሉን ለጠዋት ጠብቆ፣ ከቀትር በኋላ ሲሆን ለአረጋዊ ቀጠን ያለውን በረካ ማቅረብ፣ ስኳሩንም መቀነስ፣ ከክብርም ከወግም የሚያጎድል ነገር የለውም። ሳይንስም ሌላ መንገድ እየፈለገ ነው። በ1960ዎቹ ከኢትዮጵያ ከተሰበሰበ ዘር በብራዚል የበቀሉ፣ ካፌይን የለባቸውም ለማለት የሚያስደፍሩ የአረቢካ ዛፎች መገኘታቸው በ2004 ለዓለም ተገልጿል። እንቅልፍን ያባረረው ቡና የወጣበት ደን የማያባርረውንም ይዞ ኖሯል ማለት ነው።

ሱፊው ቡናን ሲጠጣ ሌሊቱን ለምን እንደሚፈልገው ያውቅ ነበር። የለንደኑ ነጋዴም ሲሸጥ የሚያስከፍለውን ዋጋ ሳይሸሽግ ተናግሯል። ከእነርሱ ወዲህ የመጣው ትውልድ ያጎደለው ይህንኑ ሰዓትን የማወቅ ልማድ ነው። ልማዱ ሲመለስ አረጋውያኑ ሲኒያቸውንም ሌሊታቸውንም ያገኛሉ።