ከጆሮ ጀርባ ያለው አጥንት፦ በእንጦጦና በየካ መካከል የመዘግየት ታሪክ



የታሪክ መምህር ስለ ጆሮ መግል ሊናገር መቆሙ ያስገርማችሁ ይሆናል። ሐኪም አይደለሁም። ሆኖም በሽታም እንደ መንግሥትና እንደ ከተማ ታሪክ አለው፤ ዛሬ የማነሣው በሽታ ታሪክ ደግሞ በአመዛኙ የመዘግየት ታሪክ ነው።

ጣታችሁን ከጆሯችሁ ጀርባ ብታሳርፉ ጎላ ያለ አጥንት ታገኛላችሁ። ሐኪሞች ማስቶይድ ይሉታል። ውስጡ ድፍን አይደለም፤ እንደ ማር እንጀራ በጥቃቅን የአየር ክፍሎች የተሞላና ከመካከለኛው ጆሮ ጋር የተያያዘ ነው። የጆሮ ታምቡር ተቀዶ ለወራት ሲመግል ብግነቱ ወደዚህ አጥንት ይዘልቃል። አንዳንዴም ኮሌስቲያቶማ የሚባል የቆዳ ክምችት በውስጡ እያደገ አጥንቱን ቀስ በቀስ ይበላዋል። የአጥንቱ ጎረቤቶች አንጎል፣ ትልቅ የደም ሥርና የፊትን ጡንቻዎች የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ናቸው። ሥር የሰደደው ዓይነት ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ የሚታወቀው በሚሸት ፈሳሽና እየቀነሰ በሚሄድ የመስማት አቅም ነው። ሕመም ስለሌለውም ሰው ይዘናጋል።

ሐኪሞችም ቢሆኑ ይህን አጥንት ለመክፈት ለረጅም ጊዜ ሲያመነቱ ኖረዋል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊው ዣን ሉዊ ፔቲ አጥንቱን ከፍቶ መግል አፍስሷል። በ1791 እ.ኤ.አ. ግን የዴንማርክ ቤተ መንግሥት ሐኪም የነበረው ባሮን ፎን በርገር ለመስማት ችግሩ ሲል ይኸው ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ሞተ፤ ሕክምናውም ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተተወ። በ1873 እ.ኤ.አ. ጀርመናዊው ሄርማን ሽዋርትዘ መቼና እንዴት መደረግ እንዳለበት በሥርዓት አስቀመጠ። ያም ሆኖ የታዋቂ የጆሮ ሐኪም ልጅ የነበረው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ ሲሞት፣ ለሞቱ ምክንያት ከጆሮው የተነሣ ማጅራት ገትር እንደነበረ ብዙዎች ያምናሉ። ፔኒሲሊን የመጣው ከዚያ ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ወደ ከተማችን እንመለስ። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን መጥቶ ቁስለኞችን አከመ፤ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ተቋቋመ። ከበላዩ የእንጦጦ ተራራ፣ አብያተ ክርስቲያናቱና ጠበሎቹ አሉ። ከተራራው እስከ ሆስፒታሉ በእግር ይወረዳል። ያን መንገድ ለመውረድ ግን ዓመታት የፈጁ ሕሙማን ነበሩ። አንዷ ታላቅ እህቴ ናት።

ያደግነው በየካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ነው። እናታችን ከተራራው በተሸከመችው የባሕር ዛፍ ቅጠል እንጀራ ስትጋግር ቤቱ በጭስ ይታፈን ነበር፤ ጭስ የልጆችን ጆሮ ለብግነት እንደሚያጋልጥ ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። የእህቴ ጆሮ መምገል ሲጀምር እናቴ ጤና አዳም ጨምቃ ጨመረችበት፤ ጥጥም ወተፈችበት። ከጆሮዋ ጀርባ ሲያብጥ ጎረቤቶች «ጆሮ ደግፍ ነው» አሉ። ጆሮ ደግፍ ግን የሚያብጠው ከጆሮ ሥርና ፊት ለፊት ነው፤ በቀናትም ይጠፋል። የማስቶይድ እብጠት ከኋላ ሆኖ ጆሮን ወደ ፊት ይገፋል። አንድ ጤና ጣቢያ ጆሮዋን ሳያይ ጠብታ እየሰጠ ደጋግሞ ሸኛት። በትምህርት ቤት ጥያቄ ስለማትሰማ «ደንቆሮ» ተባለች፤ እኔም አብሬ ስቄያለሁ። መስማት የተሳነውንና አላዋቂውን በአንድ ቃል መጥራታችን የቋንቋችን ታሪክ አሳፋሪ ገጽ ነው።

አንድ ማለዳ የፊቷ ግማሽ ተጣሞ ተነሣች። «ምች ነው» ተባለ። መጨረሻ ላይ የመረመራት ሐኪም ግን ነርቩ በተበላው አጥንት ውስጥ መጎዳቱን አስረዳን። ቀዶ ሕክምናው ሕይወቷን አተረፈ፤ የአንድ ጆሮዋን መስማት ግን አልመለሰም። አበው «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይላሉ። የእህቴ ጆሮ ግን ለሁላችንም ባዳ ነበር፤ እያየነው ባዕድ አደረግነው።

ጥፋቱን በጠበሉ ወይም በእናቴ ላይ አልጥልም። የእንጦጦ ታሪክ ራሱ ሌላ መንገድ ያሳያል። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓ.ም. ብዙ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ትተው በጠበሉ ዙሪያ ሲሰበሰቡ፣ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ በአደባባይ ተናገሩ። ያ ቃል ምእመኑ አንዱን ለማግኘት ሌላውን እንዳይተው የሚመክር ነበር።

ለጆሮም ይኸው ይገባል። የተቀደደ ታምቡር ውኃ አይወድም፤ ስለዚህ ጠበል የሚጠመቅ ሕመምተኛ ጆሮውን በቫዝሊን በተቀባ ጥጥ ይሸፍን። ሁለት ሳምንት ያለፈው መግል በጆሮ መመልከቻ ይመርመር። ከጆሮ ጀርባ እብጠት፣ የፊት መጣመም፣ ማዞር ወይም ትኩሳት ያለበት ራስ ምታት ከታየ ግን አንድ ቀንም አይታደር። መምህራን ደግሞ ከኋላ ወንበር የተቀመጠውን ዝምተኛ ልጅ ከመገሠጻቸው በፊት ይሰማ እንደሆነ ይጠይቁ።

እህቴ ዛሬ ፊት ለፊት ተቀምጣለች፤ በደኅናው ጆሮዋ በኩል እንድትሆን ወንበሩን የመረጠችው ራሷ ናት። ስለ ሳቄ ይቅርታ የጠየቅኋት ይህን ንግግር ሳዘጋጅ ነው። እኔም ዘግይቻለሁ።