ዓረብ ማነው?

በአዳማ፣ በሞጆ፣ በመቂ ወይም በሻሸመኔ ላደግህ «ዓረብ» የሚለው ቃል እንግዳ አይደለም። «ዓረብ አገር ናት» ሲባል ለሥራ የሄደች እህት ወይም የጎረቤት ልጅ ትታወስሃለች። አያቶቻችን ደግሞ «ዓረብ ቤት» ሲሉ ስኳርና ሳሙና የሚሸምቱበትን ሱቅ ማለታቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰውን የጅቡቲ ባቡር ተከትለው ብዙ የየመን ነጋዴዎች ወደ አገራችን ገብተዋል። «ሱቅ» የሚለው ቃል ራሱ ዓረብኛ ነው።

ለመሆኑ ዓረብ ማነው? የእነዚያ ነጋዴዎች አገር የየመን ታሪክ የሚሰጠው መልስ ያስገርማል።

በጽሑፍ ከምናውቃቸው ዓረቦች የመጀመሪያው ጊንዲቡ ይባላል። የአሦር ንጉሥ ሣልሳዊ ስልምናሶር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ853 ዓመት በሶርያ ቃርቃር ላይ የገጠሙትን ነገሥታት ሲዘረዝር፣ ከእስራኤሉ አክዓብ ጋር ዓረቡን ጊንዲቡን ከ1,000 ግመሎቹ ጋር አስጽፎታል። በዚያ ዘመን ዓረብ ማለት ግመል የሚያረባ የበረሃ ሰው ነበር።

የመን ግን ሌላ ዓለም ነበረች። ሳባውያን በማሪብ ታላቅ ግድብ ገድበው የሚያርሱ፣ ዕጣን የሚነግዱና በራሳቸው ፊደል የሚጽፉ ሕዝብ ነበሩ። ቋንቋቸው ዓረብኛ አልነበረም። በድንጋይ ጽሑፎቻቸው «ዓረብ» ብለው የሚጠሩት ዘላን ጎረቤቶቻቸውን ነው። በ5ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ የሒምያር ነገሥታትም በማዕረጋቸው የሚገዟቸውን አገሮች ከቆጠሩ በኋላ በደጋና በባሕር ዳርቻ ያሉ ዓረቦቻቸውን ይጨምሩ ነበር። ዓረቦቹ ተገዢዎቻቸው እንጂ እነርሱ ራሳቸው አልነበሩም።

ከ7ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እስልምና ሲስፋፋ ዓረብኛም አብሮ ተስፋፋ። የየመን ነገዶች የዘር ሐረጋቸውን ቀሕጣን ወደሚባል አባት ቆጠሩ፤ የትውልድ ጸሐፊዎችም ቀሕጣንን በዘፍጥረት 10 ከተጻፈው ከዮቅጣን ጋር አንድ አደረጉት። ከእስማኤል የሚቆጠሩት የሰሜን ሰዎች «ዓረብ የሆኑ» ሲባሉ የመናውያን «ጥንተ ዓረብ» ተባሉ። ትናንት ዓረብን እንደ ባዕድ የቆጠረ ሕዝብ የዓረብ ሥር ተደርጎ ተቆጠረ ማለት ነው። ዛሬም በመህራና በሶቆጥራ ደሴት ከዓረብኛ የተለዩ ጥንታዊ ቋንቋዎች ይነገራሉ።

ይህ ታሪክ ለእኛም ቅርብ ነው። በትግራይ የሚገኘው የይሓ ቤተ መቅደስና በአካባቢው የተገኙት የሳባ ጽሑፎች ከባሕሩ ማዶ ጋር የነበረንን ግንኙነት ይመሰክራሉ። አሁን የምታነበው ፊደልም ሥሩ ከዚያው ከደቡብ ዓረቢያ ፊደል ነው። ንጉሥ ካሌብ እ.ኤ.አ. በ525 ገደማ ጦሩን ይዞ ወደ የመን ተሻግሯል። መጽሐፍ ቅዱስም ሳባ የሚለውን ስም በኩሽ ልጆች፣ በዮቅጣን ልጆች፣ እንዲሁም ከኬጡራ በተወለዱት የአብርሃም ዘሮች መካከል ይጠራዋል። ስሙን የአንድ ቤት ብቻ ማድረግ ያስቸግራል።

ታዲያ ይህ ምን ይጠቅመናል? ከዓረብ አገር ተጎድታ የተመለሰች እህት ስትነግረን እንስማት፤ የደረሰባትን አናቃልልባት። በደሉን ግን የደም ጠባይ አድርገን «ዓረብ ሲባል እንዲህ ነው» አንበል። የበደሏት ሰዎች ስምና ኃላፊነት አላቸው፤ በደሉ የእነርሱ ነው። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጦርነት ሸሽቶ አዲስ አበባ የተጠለለው የመናዊ ያን ዕዳ አይከፍልም። በሐዋርያት ሥራ 2፥11 የእግዚአብሔርን ታላቅ ሥራ በየቋንቋቸው ከሰሙት መካከል የዓረብ ሰዎችም ነበሩ።

በእኛም ከተሞች «ዘሬ ከጥንት ጀምሮ ይህ ብቻ ነው» የሚል ክርክር በየቡና ቤቱ ይሰማል፤ ወጣቶችንም ያለያያል። እንዲህ ያለ ንግግር ስትሰማ የሳባን ሰዎች አስባቸው። በጥንት ድንጋዮቻቸው ላይ ዓረብ ነን አላሉም፤ የዛሬ ልጆቻቸው ግን ዓረቦች ናቸው፤ ይህም ሐሰት አይደለም። ሕዝብ በቋንቋ፣ በጉርብትና፣ በጋብቻና በእምነት ይሠራል፤ ሥራውም ገና አላለቀም። ጎረቤትህን ከስሙ ተነሥተህ ከመፍረድህ በፊት ታሪኩን ጠይቀው።