ራሱን የሚደግም ቅርጽ፦ ከላሊበላ እስከ ብሮውዘር

ፍራክታል ማለት ትንሹ ክፍሉ ትልቁን መልሶ የሚመስል ቅርጽ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1975 ያወጣለት የሒሳብ ሊቁ ቤንዋ ማንደልብሮት ነው፤ ቅርጹ ግን ከስሙ እጅግ ይቀድማል። በላሊበላ ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለው ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ መስቀል ነው፤ ጣሪያው ላይ ደግሞ አንዱ በሌላው ውስጥ የገቡ መስቀሎች ተቀርጸዋል። ዓይን ከውጭኛው ወደ ውስጠኛው ሲያልፍ ያው ቅርጽ መጠኑ ብቻ እያነሰ ይጠብቀዋል።

በዘንግ ተይዞ በዑደት በሚወጣው የመጾር መስቀል ላይ ነገሩ የበለጠ ይረቃል። አንጥረኛው መስቀሉን መጀመሪያ በሰም ይቀርጻል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ በእሳት ሰሙን አቅልጦ ያስወጣና በባዶው ቦታ የቀለጠ ነሐስ ያፈስበታል። ጭቃው ስለሚሰበር አንዱ ቅርጽ ሁለተኛ መስቀል አይወጣውም። ስለዚህም ሥርዓቱ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፈው በቅርጽ ማውጫ አይደለም፤ በአሠራር ደንብ ነው።

ደንቡን ለመረዳት ቀላሉን ዓይነት ማየት ይበቃል። አራት ክንፍ ያለው መስቀል ይሣላል። በየክንፉ ጫፍ ሲሶውን የሚያህል ትንሽ መስቀል ይቀመጣል። እያንዳንዱ ትንሽ መስቀል በአንድ ክንፉ ከትልቁ ስለሚያያዝ ሦስት ነጻ ጫፎች ይቀሩታል፤ በሚቀጥለው ዙር 12፣ ከዚያ 36፣ ከዚያ 108 መስቀሎች ይጨመራሉ። የነሐስ ሠሪ ሁለት ወይም ሦስት ዙር ሄዶ ይቆማል፤ ብረቱም መሣሪያውም ከዚያ በላይ አይፈቅዱለትም።

አሜሪካዊው ሮን ኤግላሽ እ.ኤ.አ. በ1999 ስለ አፍሪካ ፍራክታሎች ባሳተመው መጽሐፍ ከሰፈር አቀማመጥና ከፀጉር ሹሩባ ጋር የኢትዮጵያን የመጾር መስቀልም አካቷል። አንጥረኛው ቀመር አልጻፈም፤ ነገር ግን ያንኑ ደንብ በራሱ ውጤት ላይ መልሶ መተግበሩን ያውቅ ነበር። ይህ ዕውቀት ጌጥ ብቻ ተብሎ መታለፍ አይገባውም።

ማንደልብሮት እ.ኤ.አ. በ1980 በአይቢኤም ኮምፒውተር ያየው ዝነኛ ምስልም ከዚህ ሐሳብ አይርቅም፦ አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት፣ ሌላ ቁጥር መደመር፣ ውጤቱን እንደገና በራሱ ማባዛት። ይህን በሚሊዮን ጊዜ ለመድገም ያኔ ትልቅ ተቋም ያስፈልግ ነበር።

በድረ ገጽም ለረጅም ጊዜ እንዲህ ያለ ምስል አስቀድሞ ተሠርቶ እንደ ፎቶ ነበር የሚላከው። እ.ኤ.አ. በ2001 ኤስቪጂ የተባለው የሥዕል ቋንቋ ደረጃ ሆኖ ሲጸድቅ መስመርና ክብ በጽሑፍ ትእዛዝ መሣል ተቻለ፤ በ2004 አፕል ኮድ በገጹ ላይ በቀጥታ የሚሥልበትን ካንቫስ አስተዋወቀ፤ በ2011 ዌብጂኤል የግራፊክስ ካርድን ኃይል ለገጹ ከፈተ። በዚያው ዓመት የወጣው ዲስሪ የተባለው የኮድ ስብስብ የቁጥር ሰንጠረዥን ወደ ካርታና ወደ ሥዕላዊ መግለጫ መለወጥን ለብዙዎች አቀረበ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ስለገባ የእነዚህ ሥዕሎች መግለጫ በአማርኛ ሊጻፍ ይችላል።

ዛሬ በአዲስ አበባ፣ ከሰሚት ብዙ ሳይርቅ፣ በጎሮ በኩል፣ የአይሲቲ ፓርክ አለ፤ የግል የመረጃ ማዕከላትም ተተክለውበታል። ሆኖም የመስቀሉን ደንብ በኮድ ለመጻፍ ማዕከልም ውድ ማሽንም አያስፈልግም፤ ራሱን የሚጠራ አንድ አጭር ፈንክሽንና ተራ ስልክ ይበቃል። ከባዱ ሥራ ልኬቱ ነው። የየክንፉ ምጣኔ፣ የዙሩ ብዛት፣ ደንቡ ሆን ተብሎ የተጣሰበት ቦታ ሁሉ ከመስቀሎቹ ላይ መነበብ አለበት። በስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ብዙ መስቀሎች ይገኛሉ፤ ኮድ የሚጽፉ ወጣቶች ሥራውን ከዚያ ቢጀምሩ መልካም ነው።