የአሚር ሸኪብ አርሰላን ደብዳቤዎችና የ1935 ክርክር

የጋዜጠኛ ሐሳብ በጋዜጣው ገጽ ላይ፣ የሐያሲም ፍርድ በመጽሐፉ ውስጥ ይገኛል። ደብዳቤ ግን ለአንድ ሰው ተብሎ የሚጻፍ በመሆኑ በአደባባይ ያልተነገረውን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ የታሪክ ተመራማሪ ደብዳቤን እንደ ምስክር ይቀበለዋል፤ ምስክርም ስለሆነ ይመረምረዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው አሚር ሸኪብ አርሰላን (1869–1946) የተዉትን የደብዳቤ ቅርስ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ጉዳዩ ሩቅ ቢመስልም አንዱ ጫፉ አገራችንን ይነካል።

አርሰላን በሊባኖስ ሹወይፋት ከድሩዝ መሳፍንት ቤት ተወለዱ። በብዕራቸው ኃይል የተነሣ «አሚሩል በያን» ተባሉ። በሐያሲነታቸው የዐረብኛን ጥንታዊ የአጻጻፍ ስልት በመደገፍ ከኸሊል ሰካኪኒ ጋር ተከራከሩ። ሙሐመድ አሕመድ አል-ገምራዊ የጧሃ ሑሰይንን የጃሂሊያ ሥነ ጽሑፍ ጥናት ለመሞገት ላሳተሙት መጽሐፍም መቅድም ጻፉ። በጋዜጠኝነታቸው ደግሞ ከ1930 ጀምሮ ከኢሕሳን አል-ጃቢሪ ጋር በጄኔቭ «ላ ናሲዮን አራብ» የተባለውን የፈረንሳይኛ መጽሔት ያሳትሙ ነበር።

የፈረንሳይ ባለ ሥልጣናት ወደ አገራቸው እንዳይገቡ ለረጅም ዓመታት ስለ ከለከሏቸው፣ ከሙስሊሙ ዓለም ጋር የሚገናኙበት ዋናው መንገድ ፖስታ ነበር። በ1935 ለሃሺም አል-አታሲ በጻፉት ደብዳቤ የዓመቱን ሥራ ሲቆጥሩ 1,781 የግል ደብዳቤዎች፣ 176 የጋዜጣ መጣጥፎችና 1,100 የታተሙ የመጽሐፍ ገጾች ሆኖ አግኝተውታል። ከቁጥሩ እንደምንረዳው ደብዳቤ ለእርሳቸው ከጋዜጣና ከመጽሐፍ ባልተናነሰ የዕለት ሥራቸው ነበር።

ከእነዚህ ጽሑፎች በይበልጥ የሚታወቀው ከ«አል-መናር» መሥራች ከሰይድ ሙሐመድ ረሺድ ሪዳ (1865–1935) ጋር የተለዋወጡት ነው። ሪዳ ካረፉ በኋላ አርሰላን ከእርሳቸው የደረሷቸውን ብዙ ደብዳቤዎች ከማብራሪያ ጋር በ1937 በደማስቆ አሳተሙ፤ መጽሐፉንም የአርባ ዓመት ወንድማማችነት መታሰቢያ አደረጉት። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባዋል። ደብዳቤን የሚያኖረው ጸሐፊው ሳይሆን ተቀባዩ ነው፤ ለኅትመት የሚመርጠውም እርሱ ነው። በመሆኑም በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሪዳን የምናያቸው በወዳጃቸው ዓይንና ምርጫ ነው።

አንድ ደብዳቤ ምን ያህል ርቀት ሊሄድ እንደሚችል የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። በቦርኒዮ ደሴት የሳምባስ ኢማም የነበሩት ሙሐመድ በስዩኒ ዒምራን በካይሮ የሪዳ ተማሪ ነበሩ። ሙስሊሞች ስለ ምን ወደ ኋላ እንደ ቀሩ፣ ሌሎችስ ስለ ምን እንደ ቀደሙ አርሰላን እንዲመልሱላቸው በመጠየቅ ወደ «አል-መናር» ጻፉ። መልሱ በመጽሔቱ ወጣ፤ በ1930ም መጽሐፍ ሆኖ ታተመ፤ እስከ ዛሬም ይነበባል። መነሻው በሩቅ ደሴት የሚኖሩ የአንድ ኢማም ጥያቄ መሆኑ ለእኛ መምህራንና ኢማሞች የሚያኮራ ነው።

አሁን ወደ ከባዱ ነጥብ እንመጣለን። አርሰላን በ1911 ኢጣሊያ ሊቢያን ስትወር ከተቃዋሚዎቹ ጎን ተሰልፈዋል፤ በ1931 ዑመር አል-ሙኽታር ሲሰቀሉም ግፉን አውግዘዋል። በ1934 ግን ሮም ላይ ከሙሶሊኒ ጋር ተነጋገሩ። በ1935 በፍልስጥኤም የሚታተም አንድ የዐረብኛ ጋዜጣ አርሰላን ለሐጅ አሚን አል-ሑሰይኒ ጽፈውታል ያለውን፣ ለኢጣሊያ ቅስቀሳ የሚያግዝ ደብዳቤ አወጣ። አርሰላን ደብዳቤው የሐሰት ነው ሲሉ አስተባበሉ፤ ክርክሩም ብዙ ወገን አከፋፈለ።

የሐዲስ ሊቃውንት ኢስናዱ ያልጠራን ወሬ ለፍርድ አያቀርቡትም። እኛም በዚያ ደብዳቤ ላይ ፍርድ አንመሠርትም። ነገር ግን በስማቸው የወጡት መጣጥፎች አያከራክሩም፤ በእነርሱ አርሰላን የኢትዮጵያ ሙስሊሞች የደረሰባቸውን በደል በመጥቀስ ሙስሊሙ ዓለም ለኢትዮጵያ መንግሥት እንዳይቆረቆር ተከራክረዋል። በደሉ ፈጠራ አልነበረም፤ ከ1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ በወሎ ሙስሊሞች ላይ የወረደው የግዳጅ ክርስትና የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ በደል መኖሩ ወራሪን መደገፍን አያስከትልም። በሊቢያ ሕዝብን በረሃ ውስጥ አጉሮ የጨረሰው ጦር የኢትዮጵያ ሙስሊም መድኅን ሊሆን አይችልም ነበር፤ ይህንንም ከማንም ይልቅ አርሰላን ያውቁት ነበር።

በዚያው ዓመት ሌላ ድምፅም ተሰምቷል። ግብፃዊው ጠበቃ፣ ጋዜጠኛና ሐያሲ ሙሐመድ ሉጥፊ ጁምዓ ኢትዮጵያን በአፍሪካ አንበሳ፣ ኢጣሊያን በነብር የመሰለ መጽሐፍ አሳትመው ለተወረረው ወገን ቆሙ። ሁለቱም የጧሃ ሑሰይንን ጥናት የተቃወሙ፣ ለዐረብኛና ለእስልምና የተቆረቆሩ ሰዎች ነበሩ፤ በኢትዮጵያ ጉዳይ ግን ተለያዩ። እንግዲህ የአርሰላን አቋም የሙስሊሙ ሁሉ አቋም ነበር ማለት ስሕተት ነው። በኦጋዴን ግንባር ከኢትዮጵያ ጋር ሆነው ኢጣሊያን የተፋለሙት ዑመር ሰመተርም የዚህ ማስረጃ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ አንድ ጉድለት ጎልቶ ይታየናል። በካይሮ፣ በጄኔቭና በያፋ ስለ ኢትዮጵያ ሙስሊሞች ብዙ ተጻፈ፤ በዚያ ክርክር ውስጥ የእነርሱ የራሳቸው ቃል ግን እምብዛም አይሰማም። ሸይኾቻችን ለደረሶቻቸው፣ ነጋዴዎቻችን ለቤተ ሰቦቻቸው፣ ሐጃጆቻችን ከመካ የጻፏቸው ወረቀቶች በየመስጊዱና በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ቢገኙ፣ ያ ዘመን በሌላ ሰው ብዕር ብቻ አይተረክም። እንዲህ ያለ ወረቀት በእጁ ያለ መምህር ወይም ኢማም ከእርጥበትና ከምስጥ ይጠብቀው፤ ማን ለማን፣ መቼና ከየት እንደ ጻፈው፣ በማን እጅ እንዳለፈም ለብቻው መዝግቦ ያኑር። አርሰላንና ሪዳን ዛሬ በሥራቸው ልንመዝናቸው የቻልነው አንድ ሰው ደብዳቤን ሳይጥል ስላኖረ ነው።